ማኅበራችንን በማደራጀት ስለደከሙልን ለጓድ ዓለምብርሃን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ዓለምብርሃን፣
የጊቤ ሸለቆ የቡና ጥናትና ማሠልጠኛ ተቋም የአብዮታዊ ውይይትና ቁጥጥር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ጅማ።
ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞዎት የሳምንቱን ስብሰባ ሳይመሽ በመዝጋትዎ ተቋሙ በሙሉ ደንግጦ ነበርና፣ ድምፅዎ ተመልሶልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎም ዕድሜና ጤና እመኛለሁ፤ በእነርሱ ላይ ቂም የለኝም። እኔ ውብነሽ፣ በተቋምዎ የአፈር ላቦራቶሪ ረዳት ምሩቅ የነበርኩት፣ እስከዛሬ በሕይወት አለሁ። ስሜን የጻፍኩት እርስዎ ዘንድ አስቀድሞ ስላለ ነው። አድራሻዬን የተውኩት ደግሞ ያስጠጉኝን ሰዎች በእንግዳ ብዛት እንዳላስቸግር ብዬ ነው። ደብዳቤው ለሁሉም ሰው ግልጽ የሆነበት ምክንያት፣ ከእርስዎ ጋር በዝግ ቤት ሊነጋገሩ ከገቡት መካከል ተመልሶ ሲወጣ ያየሁት ሰው ስለሌለ ነው።

ጉዳዬ የሸኩር ጉዳይ ነው። የጅሬኑ ልብስ ሰፊ የአሊ ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሸኩር፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ከላቦራቶሪ በጥበቃዎች ከተወሰደ ሳምንታት አልፈዋል። ክሱ የረዳት ምሩቃንን የሠራተኛ ማኅበር አደራጅቷል የሚል ነው። ይህ የሌላ ሰውን ድካም ለእርሱ መስጠት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ማኅበሩን ያደራጁት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ሊቀ መንበር፤ ማስረጃዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ረዳት ምሩቅ ምን እንደሆነ የጅማ ሰው ላያውቅ ይችላል። ዲግሪ ከያዛችሁ በኋላ ትምህርታችሁን ትቀጥላላችሁ ተብለን በተቋሙ የቀረን፣ በትምህርቱ ፈንታ ግን ጠዋት የምናስተምር፣ ከሰዓት ላቦራቶሪ የምንሠራ፣ ማታ የመምህራኑን ፈተና የምናርም ሰዎች ነን። የሕመም ፈቃድ ስንጠይቅዎ ተማሪዎች መሆናችንን በትዕግሥት አስረዱን። እንግዲያው የማጥኛ ጊዜ ይሰጠን ስንልዎ የሰፊው ሕዝብ ሠራተኞች መሆናችንን አስታወሱን። የተማሪዎቹ ማኅበር ሠራተኛ ናችሁ ብሎ፣ የሠራተኞቹ ማኅበር ተማሪ ናችሁ ብሎ ከበር መለሰን። የራሳችን ማኅበር ያስፈልገናል የሚለው ሐሳብ ለሸኩር የመጣለት ከእርስዎ ቢሮ ስንወጣ ደረጃው ላይ ነው፤ አብሬው ስለነበርኩ እመሰክራለሁ።

፪ኛ. የቡናውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቁረው በሽታ በገባ ጊዜ መድኃኒቱን በጀርባችን አዝለን የረጨነው እኛ ነን። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ብንጠይቅዎ፣ ገበሬው ያለ መሸፈኛ እየረጨ ምሁር ነን ብላችሁ ትቀናጣላችሁ ብለው የንዑስ ከበርቴ ጠባያችንን አረሙልን። መንበረ የምትባል ጓደኛችን ስትረጭ ውላ ከዛፎቹ መካከል ወደቀች። ያገኛት ሸኩር ነው፤ አዝሎ እስከ መንገድ አወጣት። የተቋሙ መኪና እርስዎን ለስብሰባ አጋሮ አድርሶ ስላልተመለሰ፣ በቡና ጫኝ መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭና ሐኪም ቤት ደረሰች። አልሞተችም። ሳንባዋ ተጎድቷል ተብሎ ወደ ወላጆቿ ተላከች፤ ዛሬ ከአልጋዋ ተነሥታ በሩ ዘንድ ሳትደርስ ትቀመጣለች አሉ። ከዚያ በፊት ሸኩር ስለ ማኅበር ሲያነሣባቸው ዝም አይነቅዝም እያሉ የሚሸሹት ሰዎች በዚያው ሳምንት ራሳቸው መጥተው መቼ ነው የምንነጋገረው አሉት።

፫ኛ. መቼ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡን እርስዎ ነዎት። ያለ ፈቃድዎ ሦስት ሰው ቆሞ በማያወራበት ተቋም እንዴት እንደምንገናኝ ጨንቆን ሳለ፣ ሁላችንንም በሰርቦ በኩል ወዳለው የመንግሥት እርሻ ለቡና ለቀማ አዘመቱን። በጅማ አገር አንድ የቡና ዛፍ በሁለት ሰው ይለቀማል፤ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ሆኖ ቅርንጫፉን እያጎነበሱ። እጅ ሥራ ይዟል፣ አፍ ግን ሥራ የለውም። የጅማ ሰው ልጁን ለማን እንደሚድር የሚማከረው፣ የተጣላም ዕርቅ የሚጀምረው በለቀማ ጊዜ ነው። እርስዎ ለአገሩ እንግዳ ነዎትና ይህን የነገረዎት አልነበረም። በዚያ ላይ ቡድንተኝነት እንዳይፈጠር ብለው የለቃሚዎቹ ጥንድ በየቀኑ እንዲቀያየር አዘዙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሸኩር በራሱ መንገድ ቢሄድ ሁላችንን ለማነጋገር ዓመት በፈጀበት ነበር፤ እርስዎ ግን በየጠዋቱ አዲስ ሰው እያመጡ ከዛፉ ማዶ አቆሙለት። ተቆጣጣሪዎ ከሩቅ የሚያየው ቅጠል ሲነቃነቅ ስለነበር ሥራችንን በሪፖርቱ አመስግኗል።

እኔም የተመለመልኩት እንዲሁ ነው። ሸኩር ስለ መደብ ትግል አልሰበከኝም። ቅርንጫፉን ወደ እኔ አጎነበሰና፣ “ውቤ፣ መንበረን ብቻዬን ተሸከምኳት። ወላሂ ኡልፋቲ፣ በጣም ትከብዳለች። ለሚቀጥለው ሰው ሁለት እንሁን” አለኝ። እሺ አልኩት፤ ወደሚቀጥለው ዛፍ አለፍን።

፬ኛ. ከዘመቻው በተመለስን በሳምንቱ ስብሰባ ተደረገ። የስብሰባችንን ሥርዓት ያውቁታል፦ እርስዎ ያነባሉ፣ እኛ እጅ እናወጣለን፣ ጸሐፊው በሙሉ ድምፅ ብሎ ይጽፋል። እጅ ማውጣት እንደ ማዛጋት ሆኗል፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ምን እንደተባለ ሳይሰማ ይከተላል። ያን ዕለት ከአውራጃው የመጡትን እንግዳ አጠገብዎ አስቀምጠው በጆሮአቸው እያጫወቷቸው ነበር። ሸኩር ልዩ ልዩ ጉዳዮች በሚለው በመጨረሻው አጀንዳ ላይ ተነሣና የረዳት ምሩቃን የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቀ። እኛ አወጣን። አትክልተኞቹና የጽዳት ሠራተኞቹ አወጡ። የአውራጃው እንግዳ አወጡ። እርስዎም ጨዋታዎን ሳያቋርጡ አወጡ፣ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ቀድመው። ጸሐፊው ጻፈ፤ ጭብጨባው ሲጀመር አጨብጭበዋል። ደንብ አክባሪዎች ስለሆንን እስከዛሬ ከአባላቱ እንቆጥርዎታለን።

እንግዳውን መጠየቅ ስላልተቻለ፣ ራስዎን መጠየቅም ስላልለመዱ፣ ሸኩር ተወሰደ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል።

፭ኛ. ከዚያም ማኅበሩ ፈርሷል የምትሉ እጅ አውጡ ብለው ሰበሰቡን። ከረዳቶቹ አንድም እጅ አልወጣም። ጀግኖች ስለሆንን አይምሰልዎ፤ እኔ እጄ እንደ ልማዱ እንዳይወጣብኝ ወንበሩን ጨብጬ ነበር። ጸሐፊው እርስዎን አየ፣ እርስዎም እርሱን አዩ፣ በሙሉ ድምፅ ተብሎ ተጻፈ። ጥበቃዎቹ ሊወስዱን ወደ መኝታ ክፍላችን ሲመጡ የኔ አልጋ ከመስኮቱ አጠገብ ነበርና በእርሱ ዘልዬ አመለጥኩ።

ከዚህ በኋላ ላሽሟጥጥ ብሞክርም አልሆነልኝም፤ ለሸኩር ፈርቻለሁ። እናቱ እማማ ዘይቡ በየቀኑ ከጅሬን ቁልቁል ወርደው ምሳውን ለእስር ቤቱ ዘበኛ ይሰጣሉ። ልጃቸውን አይተውት አያውቁም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስላቸው በልቷል ማለት ነው ብለው፣ አልሐምዱሊላህ እያሉ ዳገቱን ይመለሳሉ። ስለዚህ ሸኩርን ይፍቱልን። እርሱን ከለቀቁ ማኅበሩን በገዛ እጃችን እናፈርሳለን፤ መሸፈኛም፣ የሕመም ፈቃድም፣ ምንም አንጠይቅም። ተማሪ ሲሉን ተማሪ፣ ሠራተኛ ሲሉን ሠራተኛ እንሆናለን። እንደኔ አምልጠው በዚህ ያሉትም የሌሉትም ባልደረቦቼ ተስማምተዋል፤ እጅ ማውጣት አላስፈለገንም።

ፈጣሪ፣ ስሙን መጥራት እስካልተከለከለ ድረስ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ልጆችዎንም እርስዎን ከመሰለ ሊቀ መንበር ይጠብቅልዎ።

በድምፅዎ ያቋቋሙት ማኅበር አባልና የዘወትር አክባሪዎ፣
ውብነሽ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስሜን ካኖርኩ በኋላ ከጅማ ሰው መጣ። ትናንት ዘበኛው የእማማ ዘይቡን ሳህን አልተቀበለም። “ከእንግዲህ እንዳታመጪ” ብሎ መለሳቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ማኅበሩን እናፈርሳለን ያልኩትን በዚህ አንስቻለሁ። ይህ የዘበኛ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ዘመን የማያውቅ ሰው የለም፤ እርሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሞቷል ያላቸው የለምና ሊያለቅሱ የመጡትን ጎረቤቶች ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ ብለው ከደጅ መልሰዋል። አለ ያላቸውም የለምና ዛሬ ምሳውን ሠርተው የት እንደሚወስዱት ጨንቋቸው ይዘውት ተቀምጠዋል። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከሁለቱ አንዱን ይንገሯቸው።