ጣቴ ያለበት ወረቀት

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

አፈር ከለበስክ ስድስት ዓመት ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ራሴ ነኝ፤ ጸሐፊ ቀጥራ ነው ብለህ እንዳትጠረጥር። ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛዋም ብትሆን አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው።

ለሰው ማመልከቻ እየጻፍክ ሥራ የጀመርክባት የግራር ጥላ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ አሁንም አለች። ከዚያች ተነስተህ ጠበቃ ሆንክ፤ በንጉሡ ጊዜ ደግሞ ሕዝብ መርጦህ ፓርላማ ገባህ። ለደገሀቡር ከብት ነጋዴዎች ተከራክረህ የመጣህ ዕለት ድምፅህ ተዘግቶ ሻይ እንኳ በምልክት ነበር የጠየቅከኝ። ዘመን ሲገለበጥ ወደ ግራሯ ተመለስክ። ሲስቁብህ «የሄደው ወንበሩ ነው፤ ብዕሩ እጄ ላይ ነው» አልካቸው።

አሁን ጉድ ሆኛለሁ። ጎረቤታችን ፋዱማ ከስደት ተመለሰች፤ ባሏ እዚያው ቀርቷል፣ ነፍሱን ይማር። የምኖርበት ቤት የነሱ ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሊሸሹ ሲሉ አንተ ወረቀት ጻፍክ፤ እኔም ምን እንደሚል ሳልጠይቅ በምስክርነት አውራ ጣቴን አተምኩ። ቤታችን ሲቃጠል እዚህ ገባን። አንተ «ወረቀት አለው» ስትለኝ ሰጥተውን ነው ብዬ ያዝኩት። አንተም ሳታስረዳኝ ታመህ ሄድክ።

ፋዱማ ስትከሰኝ የቀበሌው ሸንጎ ፊት አፌን ሞልቼ «ወረቀት አለኝ! ጣቴ አለበት! ራሴ አነብላችኋለሁ!» አልኩ። ትናንት ሳጥንህን ከፍቼ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ። «ባለቤቶቹ እስኪመለሱ በአደራ» ይላል። ምነው ፊደል ባልቆጠርኩ!

ሸንጎው ዛሬ ከሰዓት ነው። የሷ ቅጂ በስደት ጠፍቷል። አይጥ በላው ብል ማን ያውቃል? ይህን እያሰብኩ ጠዋት ቦኖው ጋ ውሃ ስቀዳ መጣች። «እህቴ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንቺ ያነበብሽውን ወላሂ እቀበላለሁ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕቃዬን አስሬያለሁ፤ የት እንደምገባ ገና አላውቅም። እንዳንተ ቆሜ አነባለሁ። «በአደራ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ተሰማዬ፣ አልረሳህም ማለቴ ይኸው ነው። ፊደሌ የተንጋደደው ሸንጎው እንዳይረፍድብኝ ስቸኩል ነው እንጂ ሳላውቅ ቀርቼ እንዳይመስልህ።

ዛሬ በጣቷ ሳይሆን በስሟ የፈረመች ሚስትህ፣
በላይነሽ