የዓሣ ማጥመጃው ፈቃድ

ብሪታ፣

ዕቃዬን ጭኜ አባቴ ቤት ሄጃለሁ። አትደውዪልኝ፤ አሁን ባወራ ክፉ ነው የምናገረው።

ዛሬ ብርዱ ይበረታል፤ ቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ ውሃውን ጠብ ጠብ እንዳለ ተዪው።

ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ደወሉ። የሰሜን ዳኮታን ነዋሪ ስለሚያስቀድሙ በአባቴ አድራሻ ማመልከቴን ታውቂያለሽ። መንጃ ፈቃዴ የዚያ፣ ታርጋዬ የዚያ። የደወለችው ሴትዮ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«የኔ እመቤት፣ በመኪናሽ የዳኮታ ልጅ ነሽ፤ በዓሣሽ ግን የሚኒሶታ። የቱን ልመን?»

ያ ለልደቴ ሱቅ ድረስ ጎትተሽ ያስወጣሽልኝ የሚኒሶታ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ! «የነዋሪ ይሁንላት፣ እንግዳ ናት እንዴ?» ብለሽ ለሻጩ የነገርሽው አንቺ ነሽ። የሁለቱን ግዛቶች ድንበር ወንዝ ተሻግሬ እዚህ ሚኒሶታ ካንቺ ጋር ብኖርም፣ በወረቀት እንግዳ መሆኔ ነበር የሚያዋጣኝ። ስንቴ ነግሬሻለሁ! አንቺ ግን ሁሉን በሳቅ።

አሁን ቤቴ እዚያ ዳኮታ እንደሆነ፣ እዚህ ለትምህርት ብቻ እንዳረፍኩ ጽፌ መፈረም አለብኝ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ አታንብቢው።

የተረፈው ዓሣ ፍሪዘር ውስጥ አለ። ብይው፤ እኔ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ደግሞ… የዓሣ ፈቃዱን ቅጽ ሳላነብ ነው የፈረምኩት ያልኩሽ ውሸት ነው። «ነዋሪ ነሽ ወይ?» የሚለውን አንብቤ ነው የፈረምኩት። ያን ቀን ሻጩ ቤትሽ የት ነው ሲለኝ፣ ከዚህ ሌላ ቤት ትዝ አላለኝም።

ታሪን