የወጌሻዋ የወይዘሮ ነጅሜ ጠኑስ የሕይወት ታሪክ፣ በሕይወት ሳሉ ካልወጣቸው ቃል ጋር

ወይዘሮ ነጅሜ ጠኑስ ከአባታቸው ከወጌሻ ጠኑስ ነዕመና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልዌ፣ በሊባኖስ ተራራ በዚሁ በዐይን ሉዝ መንደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1828 ተወለዱ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት አልነበረምና ፊደል አልቆጠሩም። አባታቸው ግን ገንቦ ሰብረው ስብርባሪውን ጆንያ ውስጥ ይጨምሩና፣ ሳያዩ በጣታቸው ብቻ እየዳሰሱ እንዲገጣጥሙት ያደርጓቸው ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣው ስብራተኛ ሁሉ አባትየውን አልፎ ልጅቱን ይጠይቅ ጀመር። አባትየው በዚህ አንድ ክረምት ሙሉ እንዳኮረፏቸው ወይዘሮ ነጅሜ እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1847 በቅሎ ነጂ ከነበሩት ከአቶ ፋሪስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ኤልያስ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በሦስት ዓመቱ ፈንጣጣ ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ አልወለዱም። ይህን የምጽፈው እኔ ለቢቤ ያሳደጉኝ ልጃቸው ነኝ።

በ1860 የሐር ትሉ ድር ማድራት በጀመረበት ሰሞን ድሩዝ በሚባለው እምነት ተከታዮችና በክርስቲያኖች መካከል ጦርነት ተነሣ። ማን እንደ ጀመረው ዛሬም ስለማንስማማ አላነሣውም። ግንቦት ሲያልቅ መንደራችን ተቃጠለች፤ አቶ ፋሪስም መግቢያው ላይ ተገደሉ። ካመለጡት አርባ ስምንቱ ሸለቆው ውስጥ ዋሻ ገቡ። እናቴ ሐናና የአምስት ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔም ከእነሱ መካከል ነበርን። ሠላሳ አንድ ቀን ሥራ ሥርና ቅጠል ስንበላ ቆየን፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚለቀም ቅጠልም አልነበረም።

ወይዘሮ ነጅሜ ወደ ዋሻው መድረስ አልቻሉም። አጥር የሚጋሯቸው ድሩዙ ጎረቤታቸው አቡ ሐሙድ ገለባ ቤታቸው ውስጥ ደበቋቸው። ድሩዞቹ የገዛ ወገኖቻቸው ሊፈትሹ ሲመጡ አቡ ሐሙድ በሩ ላይ ቆመው፣ “እዚህ ያለው ገለባና የታመመች በቅሎ ነው። ካላመናችሁ ግቡና በሽታዋን ይዛችሁ ውጡ!” ብለው መለሷቸው።

ሐምሌ ሲገባ ተኩሱ ቆመና ከዋሻው ወጣን። መቆም ያቃተው ሰው ስለነበረ በአራት እግሩ የመጣ አለ። አቡ ሐሙድ ወገኖቻቸው ባደረጉት አፍረው የስንዴ ቅንጬ፣ አንድ ገንቦ ቅቤ፣ በጮማ ውስጥ የተቀመጠ የበግ ጥብስ በበቅሎ ጭነው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አራገፉ። ወይዘሮ ነጅሜ ትልቁን ድስት ጣዱ። በአገራችን ወግ፣ እንግዳ ሦስቴ በቃኝ ሳይል ከማዕድ እጁን አያነሣም፤ ወይዘሮ ነጅሜም ወጉን አላጓደሉም። አንዱ ፊቱን ሲያዞር “እኔ አፈር ልሁን፣ ይቺን ብቻ!” እያሉ፣ ሌላው እጁን ሲሰበስብ “በፋሪስ አጥንት ይዤሃለሁ፣ አንድ ጊዜ!” እያሉ አጎረሱ። እናቴን ሦስት ጊዜ አጎረሷት። እኔ አፌ ቆስሎ ስለነበረ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም።

በሁለት ቀን ውስጥ ሰባት ሰው ሞተ። እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ልባቸው ቀጥ አለ። እናቴ አራተኛዋ ነበረች። ከግቢው አንድ ሰው “ቅቤው ነው! ይሄ ድሩዝ ከጎራዴ የተረፍነውን በቅቤ ጨረሰን!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዕድሜ የገፋችሁ ታውቃላችሁ። አቡ ሐሙድን ከቤታቸው ጎትታችሁ በዱላ ደበደባችሁ፤ ቤታቸውን አቃጠላችሁ። የቀኝ ክንዳቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ድሩዞች ወደሚኖሩበት ወደ ሐውራን አገር ተሰደዱ። ወይዘሮ ነጅሜ ያን ጊዜ እኔን አቅፈው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበሩ። የክንዱን ስብራት ከነድምፁ ሰምተዋል። አልወጡም፤ አልጠገኑትም። ክንዱ ሸቶ አቡ ሐሙድ መንገድ ላይ መሞታቸውን የሰማነው በመኸር ነው።

በነሐሴ እኔን አዝለው ወደ ሲዶና ወረዱ። ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትልቅ የነጋዴ ማደሪያ ውስጥ ከባሕር ማዶ ለእርዳታ ከመጡ ሐኪሞች ጋር ዐሥራ አራት ወር ሠሩ። ቁስል አጠቡ፣ ፋሻ ቀቀሉ፣ ቅማል ለቀሙ፣ በተቅማጥ ያለቀውን ገነዙ። በመጀመሪያው ቀን ከተራራ ለወረደ አጥንቱ ብቻ ለቀረ ሰው ሳህን ሙሉ ሾርባ ሲሰጡ፣ ሐኪሙ ሳህኑን ከእጃቸው መትቶ ጣለው። አስተርጓሚው፣ “ልትገድይው ነው ወይ ይልሻል! ሲራብ የከረመ ሰው ሆዱ እስኪጠና በማንኪያ ነው የሚቀመሰው። ጠግቦ ከበላ ልቡ ይቆማል ይልሻል” አላቸው። ወይዘሮ ነጅሜ የፈሰሰው ሾርባ ላይ ተቀመጡ፤ እስኪመሽ ማንም ሊያነሣቸው አልቻለም። ምን እንደነካቸው የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያ ከእጃቸው አልተለየም። ተፈናቃዩ “ቋጣሪ! ከአባትሽ ጎተራ ነው እንዴ?” እያለ ሲሰድባቸው፣ ድንጋይም ሲወረውርባቸው፣ አልመለሱም። በማንኪያ ያቆዩት ሰው ስንት እንደ ሆነ አላውቅም፤ በዚያ ድግስ ያጎረሷቸውን ሰባቱን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በስም ይጠሯቸው ነበር።

በ1862 ተመልሰው እውነቱን ለመንደሩ ሹም ነገሩት። ሹሙም፣ “አንቺ ሴት፣ ዝም በይ። ሰውዬው ሞቷል፤ የወይራ እርሻውንም ተካፍለነዋል። አሁን መርዝ አልነበረም ብትይ ማን መሬቱን ይመልሳል?” አላቸው። ዝም አሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ዝም አሉ። በእነዚህ ዓመታት የክርስቲያኑንም የድሩዙንም አጥንት ገጠሙ፤ በ1875ቱ ኮሌራ ሌላው ሲሸሽ እሳቸው ቀርተው አስታመሙ። ሰው በተሰበሰበበት ማዕድ ግን አንድም ቀን አልቀረቡም። ኩራት ነው ያላችሁ ተሳስታችኋል። ከእናንተ ጋር እኔም ተሳስቻለሁ።

ካለፈው መኸር ጀምሮ በሆዳቸው ውስጥ እባጭ ወጥቶባቸው ሲማቅቁ ቆዩ። ሊሞቱ ሃያ ቀን ሲቀራቸው አጠገባቸው አስቀምጠው ይህን ሁሉ ነገሩኝ። “እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ። እሱስ ባለማወቅ ነው። አቡ ሐሙድን ግን እያወቅሁ ነው፤ ያዳነኝ ሰው አጥንቱ ሲሰበር እየሰማሁ አልወጣሁም። በቀብሬ ቀን ሰው በተሰበሰበበት አንብቢው፤ እኔ በቁሜ ወኔው አልነበረኝም” አሉኝ። ሦስት ቀን አላናገርኳቸውም። በአራተኛው ቀን ገብቼ አጠብኳቸው። ለአቡ ሐሙድ ልጅ ለሐሙድ ወደ ሐውራን መልእክት ላክሁ፤ ይህ እስኪጻፍ መልስ አልመጣም።

ወይዘሮ ነጅሜ ረቡዕ መጋቢት 9 ቀን 1898 በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጃቸውን ለቢቤን፣ አማቻቸውን አቶ ነሲብንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

እናንተ ከዚያ ወይራ የምትበሉ፣ ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ በልጆቻችሁ ፊት አቡ ሐሙድን መርዘኛ አትበሉ። እኔ የሐና ልጅ ስለ እናቴ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ስለ አቡ ሐሙድ ይቅር ማለት ግን የእኔ ፈንታ አይደለም። አምላክ የእናታችንን የወይዘሮ ነጅሜን ነፍስ ከሰባቱ ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጥልን። አቡ ሐሙድ ፊት በቆሙ ጊዜም መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው እንዲሆኑ ድፍረቱን ይስጣቸው። አሜን።