ዋግ የማይታይበት ቴሌቪዥን

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም አረንጓዴ። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሰማዩ አረንጓዴ፣ ፎቶው ጥግ ላይ የቆምሁት እኔም አረንጓዴ። ዋግ የመታውን የዲከረንስ፣ የከሰል ዛፋችንን፣ ቅጠል ለገበሬዎቹ በአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን ላሳይ ብዬ ጎመን አሳየኋቸው። አቶ ታከለ ከፊት ተቀምጠው፣ ቅጠሉስ ያማረ ነው፣ ለእኔም እንዲህ ያለውን ይስጠኝ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ በሸቅሁ።

ማስታወሻዬ፣ ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው፣ አልወቅሰውም። ያረጀው ኮምፒውተሩ ነው። እኔ የግብርና ባለሙያ ሆኜ አዲስ ቅዳም ሳልመደብ የነበረ። የራሱ ስክሪን ከሞተ ከርሟል። ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኝበት አሮጌ መሰኪያ ቀይና ሰማያዊ ቀለም አያሳልፍም። ገመድ ቀየርሁ፣ ያው ነው። ምስሉም ድብዝዝ። ዋግ ደግሞ ሲጀምር የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀላ ያለች ነጥብ ናት። ፎቶ በማነሳበት ካሜራ ትንሽ መስኮትም አትታይም።

በጊዜ የታየ ዛፍ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ያልታየው ቆሞ ይደርቃል። አባዬ ይህን ስለሚያውቅ በየሳምንቱ፣ ልቁረጠው ወይስ ልተወው ይለኛል። የእሱ ዲከረንስ ለመወፈር ሁለት ክረምት ይቀረዋል። ያን ጊዜ ሸጦ እዚህ ከአጠገቤ ቤት ሊሠራ ነው ሐሳቡ። ተወው፣ ንጹሕ ነው አልሁት። ለገበሬዎቹ «ጤነኛ» ብዬ የማሳየውም የእሱን ቅጠል ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

መ/ር ይበልጣል መፍትሔው ግራፊክስ ካርድ ነው አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ካርዱ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይሰካል፣ ኤችዲኤምአይ የሚባል የራሱ የቴሌቪዥን መውጫ አለው፣ ምስሉን በሙሉ ጥራት ያወጣል፣ ድምፁንም አብሮ። ሁለቱ በአንድ ገመድ እንዴት አይደባለቁም? አስረዳኝ። ግማሹ ገባኝ። ሌላውን ግማሽ ነገ እጠይቀዋለሁ፣ ይሰልቸው።

ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ገብቼ ካርድ አለ ወይ ብል፣ ባለሱቋ የስንት ብር? አለችኝ። የስልክ ካርድ መስሏት። እስከ ቤት ብቻዬን ሳቅሁ።

ማታ ኮምፒውተሩን ከፈትነው። አቧራ። የሞተ በረሮ። ከሥር አንድ ረዘም ያለ ባዶ መሰኪያ። የዕቃ ሆድ ማየት እንዴት ደስ ይላል። ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ግን ትንሽ ነው፣ ትርፍ ገመድ የለውም። ስለዚህ ከመሰኪያው በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ ካርድ ፈልጊ ተባልሁ። ርካሽም መሆን አለበት፣ ከፋይዋ እኔ ነኛ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ዳንግላ

ጥሩወርቅ የምትባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ። ያገለገሉ ሦስት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንዱ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ግዙፍ። ይህ የጌም ነው፣ ለአንቺ ሳጥን በሬን በዶሮ ቤት ማሳደር ነው አለች። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ኤችዲኤምአይ የለውም። ሦስተኛው ማራገቢያም ትርፍ ገመድም አይፈልግ፣ ዋጋውም አይከፋ። ባለ ሁለት ጊጋ ይሻላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የምታሳዪው ምንድን ነው? አለችኝ። ቅጠል አልኋት። ትንሽ አየችኝና፣ ለቅጠል አንድ ጊጋ ይተርፋል አለች።

ኋላ ሳጥኑ ቀጭን ነው ወፍራም? ብትለኝ፣ ከስንዝር ያነሰ አልሁ። በማን ስንዝር? አለች። እጃችንን ገጠምን። የእኔ በአንድ ጣት ታንሳለች። ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን አልሸጥልሽም አለች። ለክተሽ ነይ። እንዲህ ያለ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ተናድጄም ወደድኋት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ለካሁ፣ በማስመሪያ። ተመለስሁ፣ ገዛሁ። ሳጥኑ ቀጭን ስለሆነ ረጅሙን ማሰሪያ ብረት ፈትታ አጭሩን አሠረችልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ካርዱን እንደ እንቁላል ታቅፌ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምንድን ነው ልጄ አሉኝ። መነጽር ነው አልሁ፣ የኮምፒውተር መነጽር። እግዜር ያብራልሽ አሉ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

በራ! ሰማዩ ሰማያዊ። አፈሩ ቀይ። በዋግ የተመታው ቅጠል ላይ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ዳራቸው ጭምር። ይበልጣልን ጠራሁት፣ ጠጋ ብሎ አይቶ አጨበጨበ። ነገ ገበሬዎቹ ሲሰበሰቡ አቶ ታከለ ጎመን ይበሉኝ እስኪ። ለአባዬ ደወልሁለት፣ ነገ ዛፍህን በቴሌቪዥን አሳይሃለሁ፣ ና አልሁት።

ከቀኑ 11 ሰዓት



የአባዬን ቅጠል ከታመመው ጎን አደረግሁት፣ ለነገው። ቅርንጫፉ ሥር ነጥብ አለ። አቧራ ነው ብዬ ስክሪኑን በነጠላዬ ጠረግሁ። አለ። አጎላሁት። ቀላ ያለ፣ ዳሩ ቢጫ። የእሱን ዛፍ የቀሩትን ፎቶዎች ሁሉ ከፈትሁ። በሁሉም ላይ።

ንጹሕ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። በዚያ መስኮት አይቼ። ማጉያ መነጽር ይዤ ከዛፉ ሥር መቆም ስችል፣ የአባቴ ነው ብዬ ልቤ ስላመነ፣ ፎቶ አንስቼ ሄድሁ። አፈርሁ። ከማፈሬም ይልቅ አዘንሁ፣ ቤቱን አሰብሁት።

ደወልሁ። ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ሌሊቱን አንድ ነገር ሲፈትነኝ አደረ። የሌላ ሰው ጤነኛ ቅጠል ፈልጌ ልተካው፣ ለአባዬም ቀስ ብዬ ሌላ ቀን ልንገረው። ማንም አያውቅም። እንዲህም አሰብሁ፣ አልዋሽሽም።

አላደርገውም። ፎቶው ይቀርባል፣ የማን እንደሆነም እናገራለሁ፣ ማን ንጹሕ ነው እንዳለም። የእኔን ስሕተት ካዩ የራሳቸውን ዛፍ ዛሬውኑ ሄደው ያያሉ። ግን ከሰው ፊት መስማት የለበትም። ቀድሜ ለብቻው እነግረዋለሁ፣ በቤታችን ቋንቋ በአዊኛ። ቁረጠው እለዋለሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትል። ቀጭን ነው፣ ቤት አያሠራ ይሆናል። ክፍሌን ለሁለት እንከፍላለን፣ ከእኔ ጋር ይኖራል።

አዳራሹን ስከፍት ከሁሉ ቀድሞ መጥቷል። አዲሱን ጋቢ ለብሷል። ከፊት ወንበር ተቀምጦ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያል። ገና ነው? አለኝ። ገና ነው አልሁት፣ አንዴ ወደ ውጭ ና፣ አባዬ።