ሰባት ዓመት ያልወጣው እርማት

አባታችን በ1945 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛው ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት አያታችን የተሰፋ ልብስ በሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1963 ዓ.ም. እንዳጠናቀቁ በዕለታዊው ጋዜጣ በአራሚነት ተቀጠሩ። በዚያ ሥራ አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ለሕትመት በተለቀመው የማረሚያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጫፍ ይከተላል። አንባቢዋ እናታችን ነበሩ። አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሥራ ውጭ ቃል አልተለዋወጡም ይባላል። እናታችን ግን «ነጠላ ሰረዜን ሲያዳምጡ ነው እንጂ ዘግተውኝስ አይደለም» ይላሉ። በ1969 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

አባታችንን ባልደረቦቻቸው «አራት ነጥብ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸው «ታርሟል» ብለው ሳይፈርሙ አንድም ገጽ ወደ ማተሚያ አይወርድም።

በ1997 ዓ.ም. አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለቤት ጋዜጣውን ገዙ። የጋዜጣው ስም አልተለወጠም፣ የተባረረ ሰው አልነበረም፣ ወንበሮቹ እንኳ ከቦታቸው አልተነሱም። አባታችን ለውጡን ያዩት በማረሚያው ወረቀት ላይ ነው። መንግሥት ቤቶች የሚያስገነባው በዚያው ፋብሪካ ሲሚንቶ ነበር፤ ስለነዚያ ቤቶች የሚጻፈው ዜና ከዋና አዘጋጁ ክፍል አጥሮ ይመለስ ጀመር። ይህን ቁረጡ ብሎ ያዘዘ የለም። እያንዳንዱ ፈርቶ በየጠረጴዛው ትንሽ ትንሽ ይቆርጥ ነበር።

በግንቦት 2001 ዓ.ም. መንግሥት በከተማችን ወንዝ ዳር ስለሚያስገነባው መንደር የተጻፈ ዜና ደረሳቸው። እናታችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ የአባታችን እርሳስ ቆመ። ዓረፍተ ነገሩ በማረሚያው ወረቀት ላይ የለም። ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ወደ ዋና አዘጋጁ ሄዱ። አዘጋጁ በሩን ዘግተው፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ፊደል ነው። የልጆች አባት ነዎት፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አሏቸው። አባታችን ተመልሰው ፈረሙ።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ ወደ መንደሩ ገባ። ምድር ቤት ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናትና ሁለት ልጆቻቸው ሞቱ። ጋዜጣው «ያልተጠበቀ ዝናብ» ሲል ዘገበ። ያንንም ገጽ ያረሙት አባታችን ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዘወትር ሰኞ ለጋዜጣው የእርማት ዓምድ ያንኑ አንድ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ አልወጣም። በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም አልተዉም። አንድ ከሰዓት በኋላ የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ቤት መጥተው ክፍሎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ፤ ውሃ ጠጥተው፣ ስለ ጤናችን ጠይቀው፣ አመስግነው ሄዱ። እናታችን ወደ መንገድ የሚያየውን መስኮት ከዚያን ቀን ጀምሮ አልከፈቱም። እኛ ልጆች የማስታወሻው ቅጂዎች እንዲቃጠሉ ለመንናቸው። «ፍርሃቱ የጋራችን ነው፤ ፊርማው ግን የኔ ነው» አሉን።

የልብ ሕመማቸው ጠንቶባቸው፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

የጋዜጣው ባለቤት የአበባ ጉንጉን ልከውልናል፤ ይህንንም የሕይወት ታሪክ ወረቀት በማተሚያ ቤታቸው በነፃ ሊያትሙልን ፈቅደው ነበር። አመስግነን በፎቶ ኮፒ አባዛነው፤ ፊደሉ የደበዘዘው ስለዚህ ነው። ይህን መጻፍ ፈርተናል፤ አሁንም እንፈራለን። ነገር ግን በዚያው ወንዝ ዳር የሁለተኛው ዙር ቤቶች ዕጣ ወጥቷል። ከመካከላችሁ በዚህ ወር ቁልፍ የምትረከቡ አላችሁ፤ ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ስለዚህ የአባታችንን ማስታወሻ እንደ ቀድሞው እናታችን ጮክ ብለው ያነቡታል። እናንተም በጣታችሁ ተከተሉ።

«እርማት። ግንቦት 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ከወጣው የወንዝ ዳር መንደር ዜና የሚከተለው ተቀንሷል፦ የአፈር መርማሪው እንዳረጋገጡት፣ ቦታው ካለፉት አምስት ክረምቶች በሦስቱ በውሃ ተሸፍኗል። መቀነሱን እያወቅሁ ፈርሜያለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ እኛንም ከፈራነው ያውጣን።