ስለ አበባው ፎቶና ስለ ሁለተኛው መርፌ

ለተከበሩ ዶክተር ኤቤርቶ ካማርጎ
የፑዌርቶ ሴሬኖ ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚያጎነብሰው አንገትዎ እንደማያምዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በውስጥ ደዌ ክፍልዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ያገለገልሁትና ባለፈው ወር «በትኩረት ማጣት» የተባረርሁት ኦዳሊስ ባሪዮስ፣ ደህና ነኝ። ፊት ለፊት ለመነጋገር ጊዜ እንደሌለዎት ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በከተማው ጋዜጣ በኩል ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

፩. ተረኛ ነርስ ሁሉ በሠራተኛው የስልክ ግሩፕ ላይ ለሚልኩት መልእክት በሦስት ደቂቃ ውስጥ በፎቶ የተደገፈ መልስ እንዲሰጥ፣ የዘገየም ስሙ በቀይ እንዲለጠፍ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሁለት ነርሶች ሃያ ስድስት በሽተኛ ይዘን ሥራ እንዳንፈታ አስበውልን እንደሆነ ይገባኛል።

፪. ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለዶን ኤልዬሰር ኢንሱሊን ወጋሁ። ዶን ኤልዬሰር አርባ ዓመት ሙሉ በጀልባው ሰው ያሻገረ፣ የመንገደኛውን ሁሉ ስም እስከ ቅጽል ስሙ የሚያውቅ ሰው ነበር። መዝገቡ ላይ ሳልጽፍ ስልኬ ጮኸ፤ ከሚኒስቴሩ እንግዶች ስለሚመጡ እርስዎ የኮሪደሩን አበባዎች ፎቶ በአስቸኳይ ፈልገው ነበር። ሄጄ አነሳሁ። የአንዱ ማሰሮ አበባ ጠውልጓል ብለው መለሱልኝ፤ አዙሬ ደግሜ አነሳሁ። ስመለስ የዶን ኤልዬሰር መዝገብ ባዶ ነበር፣ የእኔም ጭንቅላት እንደዚያው። መርፌውን ሞልቼ ክንዱን ያዝሁ።

«ሲስተር፣ ቅድም ወግተሽኝ የለ እንዴ?» አለኝ።

ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር፤ «ሦስተኛው አበባስ?» ይላል መልእክትዎ። «እሺ አባቴ፣ እሺ፣ አሁን ያልቃል» አልሁትና ወጋሁት።

እጁ የእኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። ሚስቱ ዶኛ ካሲልዳ አራት ሰዓት ላይ የዓሣ ሾርባ ይዛ ስትገባ ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ፣ በላብ ተነክሮ፣ ራሱን ስቶ አገኘችው። በመሃሉ በነበሩት ሦስት ሰዓታት ሠላሳ አንድ መልእክት ልከውልኛል፤ ሁሉንም በሰዓቱ መልሻለሁ። ዶን ኤልዬሰር በሁለተኛው ቀን ነቃ። አሁን ሚስቱን «አንቺ ሴትዮ፣ እናቴ የት ሄደች?» እያለ ይጠይቃታል።

፫. የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰጥቶኛል። እርስዎም ከሁለቱ ስልኮችዎ ቀና ብለው «ልብሽ የት ነበር?» ብለው በመጠየቅ አክብረውኛል። «አበባው ጋ፣ ዶክተር» አልሁ። ሌላ መልእክት ገብቶልዎ ኖሮ «ምን አልሽ?» አሉኝ። ደገምሁልዎ። አሁንም «ምን?» ሲሉኝ ተውሁት።

፬. የቀሩት ነርሶች ስለ ትኩረት ሥልጠና እንዲወስዱ፣ ያውም በሥራ ሰዓት፣ በሽተኛ እያዩ፣ በስልካቸው እንዲሆን ወስነዋል። በየአምስት ደቂቃው ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ያልመለሰ ይወድቃል። ባልደረባዬ ሉስ ማሪና «ትናንት የአንዱን ደም ግፊት ለክቼ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ፈተናውን ግን አልፌያለሁ» ስትለኝ ለመሳቅ ሞክረን ሁለታችንም አቃተን።

ማክሰኞ የሙያ ፈቃዴን ለመንጠቅ ያቀረቡት ክስ ይሰማል። አስቀድሜ ጥፋቴን እናገራለሁ፤ ቀጥሎ የዚያን ጠዋት መልእክቶችዎን ከነሰዓታቸው አንድ በአንድ አነብባለሁ። እስከዚያው ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ ዶን ኤልዬሰርን አጎርሳለሁ፣ አጥባለሁ። ዶኛ ካሲልዳ በሩን የከፈተችልኝ «ይቅር አላልኩሽም፤ ብቻ አብሮኝ የሚያነሳው ሰው ቸግሮኛል» ብላ ነው።

ሥልጣንዎም የስልክዎ ባትሪም ከማለቅ እንዲጠበቁ እየተመኘሁ፣ ከወትሮው በበለጠ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኦዳሊስ ባሪዮስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዶኛ ካሲልዳ አንድ መልእክት አደራ ብላኛለች። እርስዎ አልጋው ዳር መጥተው «አይዞሽ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ሲሉ፣ እያለቀሰች እጅዎን ስማ አመስግናዎት ነበር። ቀጥለው «ጣሪያውን ሰኞ ይጨርሱታል፣ መዋኛውም ይሞላል» ሲሉ ግን ጆሮዎ ውስጥ የተሰካውን ማዳመጫ አየች። «ምስጋናዬን ይመልስልኝ» ብላለች።