ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወርደው ባነር

ለውድ እህቴ ለዮንሱን፣

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብሺ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንገላታሻል? ባልሽ ጋሼ ሃክሱስ ሲጋራውን ተወ? ፓውላ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ሳኦ ፓውሎ ሙቀቱ እየገባ ነው አሉ፤ እኛ እዚህ እጃችን እስኪደነዝዝ ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን የኪምቺ ጎመን በጨው ስንዘፈዝፍ ሰነበትን። ሁላችንም ደኅና ነን። እማማም ጉልበቷ ከሚያስቸግራት በቀር ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ጎረቤት ትቆጣለች።

በስልክ መንገር ስችል ወረቀት ላይ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልኩ ሲጮኽ ቀድማኝ የምትደርሰው እማማ ናት፤ ካነሳች አትለቅም፣ ብትለቅም ከጎኔ አትርቅም። ይህን ደግሞ እሷ እንድትሰማው አልፈልግም። ነገሩ የአባባን የፖም ማሳ ሸጠን እኩል እኩል አዋጥተን ስለተዋዋልንበት አዲስ አፓርታማ ነው። ግማሹ ያንቺ ሆኖ ሳለ አንቺን ሳላማክር ያደረግሁት ነገር አለ። እስክጨርስ ድረስ ቁጣሽን ያዢልኝ።

ባለፈው ወር፣ ርክክብ ሳይደርስ ገብተን እንድናየው ቀን ተቆረጠልንና ሄድን። በዚያ ቀን ባለቤቶች ጉድለት ያዩበት ቦታ ላይ የሚለጥፉት ትናንሽ ቀይ ወረቀት እንደሚሰጣቸው ታውቂያለሽ። የመግቢያው አዳራሽ እብነ በረድ ነው፤ ፏፏቴ ሳይቀር አለው። እማማ ዙሪያውን ቃኘችና «ታዲያ በርበሬ የሚሰጣው የት ነው?» ብላ አስተናጋጆቹን አሳቀቻቸው። ላይ ወጥተን ወደ ቤታችን ስንገባ የመታጠቢያ ቤቱ በር አይገጥምም፣ የግድግዳው ወረቀት ተንሻፏል፣ የወለሉ ሴራሚክ ሲንኳኳ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ባለቤቴ ታይሶክ ቀዩን ወረቀት ሲለጥፍ ውሎ «ይሄ ቤት ኩፍኝ ወጣበት» ሲለኝ እኔም ሳቅሁ። ይህን ሁሉ መጠገናቸው አይቀርም ብዬ ነበር።

ሳቄ የጠፋው ምድር ቤት ወደ መኪና ማቆሚያው ስንወርድ ነው። ግድግዳው አልቦታል፣ ጣሪያው ላይ ስንጥቅ ይታያል፣ አንዳንዱ አምድ አጠገብ የብረት ድጋፍ ቆሟል። የተቋራጩ ሰው «የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው፣ ኮንክሪቱ አይደለም» አለን። ታይሶክ «ቀለም በብረት ይደገፋል እንዴ?» ቢለው ስልክ የተደወለለት መስሎ ሄደ። ባለቤቶች አዋጥተን የራሳችንን መሐንዲስ አስመጣን። በአምዶቹ ራስጌ መግባት የነበረበት ብረት በብዙ ቦታ ጎድሏል አለን። ይወድቃል አላለም፣ አይወድቅም ብሎም አላረጋጋንም። «ሳይጠናከር ሰው ባይገባበት ደስ ይለኛል» ነው ያለው። ተቋራጩ ደግሞ ጥገናው ከርክክብ በኋላ ይታያል አለ።

ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመና በሕንፃው ፊት «ብረታችን የት ገባ?» የሚል ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ቅዳሜ ብሄድ ባነሩ የለም። ሰብሳቢያችንን፣ አቶ ማ የሚባለውን ሰው፣ ብጠይቀው «ውይ እህቴ፣ ቅዳሜና እሑድ እኮ ቤት ሊያይ ተከራይ ነው የሚመጣው! ሰኞ ጠዋት እንመልሰዋለን። ተቋራጩን እናሳፍር አልን እንጂ የቤታችንን ዋጋ እንግደል አላልንም» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትክክል ነው ብዬ ተመለስኩ። ተከራይ ሲገባ በወር ኪራይ ፈንታ በአንድ ጊዜ የሚያስይዘው ጠቀም ያለ ገንዘብ ካልመጣ የመጨረሻውን ክፍያ መክፈል አንችልም፤ እስከ አዲስ ዓመታችን፣ እስከ ሶላል በዓል ካልከፈልን ውሉ ይፈርሳል፣ የአባባ ማሳም በዚያው ውኃ በላው ማለት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደላላዋ አንዲት ፒያኖ አስተማሪ ይዛልኝ መጣች። ወይዘሮ ናም ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምጿን የምትቆጥብ ሴት ናት። ቤቱን እንዳየችው ወደደችው። የአምዱን ነገር አልጠየቀችም፣ በምን አውቃ! የጠየቀችው ፒያኖዋ ታች ያሉትን ሰዎች ይረብሽ እንደሆነ ነው። ደላላዋ «ኧረ እመቤቴ፣ እዚህ ቤት ዝሆን ቢጨፍር ታች አይሰማም» ብላ ወለሉን በተረከዟ መታችው። ወይዘሮ ናም ወደ እኔ ዞር ብላ «እርስዎስ እንዲህ ያለ ቤት እያለዎት ለምን አይገቡበትም?» አለችኝ። የባለቤቴ ሥራ ቦታ ይርቃል አልኳት። ታይሶክ የሚሠራው ከዚያ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው። እሷ ግን አምናኝ የፒያኖውን ቦታ በሜትር መለካት ጀመረች፤ የሜትሩን አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩላት። ረቡዕ ልንፈራረም ተቀጣጠርን።

እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። የምሠራበት መነጽር ቤት ደንበኛ እያናገርኩ ልቤ እዚያ ነው፤ ሩዝ ጥጄ አሳርራለሁ። ተማሪዎቿ ከትምህርት ቤት ወጥተው ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ወደዚያ ቤት ሲወጡ ይታየኛል። ታይሶክ «የሁሉም ተከራይ ሳያውቅ ይገባ የለም እንዴ? የአንቺዋ በምን ተለየች?» አለኝ። የሌሎቹን ተከራዮች ሜትር አልያዝኩላቸውም፣ ሌላ ምን ልበልሽ?

ማክሰኞ ደወልኩላትና የመሐንዲሱን ቃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወርደውን ባነር፣ የባለቤቴን ሥራ ቦታ ሳይቀር ነገርኳት። ቀስ ብላ አመሰገነችኝና ስልኩን ዘጋች። ደላላዋ ግን ነገሩን ሰምታ ለባለቤቶቹ ሁሉ አዳረሰችው። በማግስቱ አቶ ማ ደውሎ «አንቺ ሴትዮ፣ የሁላችንንም ጉሮሮ ነው የዘጋሽው! ጽድቅ ካማረሽ በራስሽ ቤት አትጸድቂም ነበር?» አለኝ። በራሴው ቤት ነው ያደረግሁት ብዬ ብመልስለት ባሰበት። ከባለቤቶቹ የስልክ ቡድንም አስወጡኝ። ደላሎቹ ቁልፋችንን መልሰዋል፣ ቤቱን የሚያሳይልን የለም።

ያንቺን ድርሻ ሳልጠይቅሽ አደጋ ላይ ጣልኩት። ለዚህ የፈለግሽውን በይኝ፣ ይገባኛል። ግን ገና ያልነገርኩሽ አለ። ታይሶክ አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረን ይላል፤ ይህን የኪራይ ቤት ለቀን፣ ያስያዝነውን ተቀብለን፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከፍለን ራሳችን እንግባበት። ለአከራያችንም ነግሮታል። እማማ የሰማችው የምንገባ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የአኩሪ አተር ማሰሮዎቿን እያጠበች ትዘፍናለች፤ ለጎረቤት ሁሉ «ልጆቼ ቤታቸው ሊያስገቡኝ ነው» እያለች ታወራለች።

ለማላውቃት ሴት የተናገርኩትን ለእናቴ መናገር አቃተኝ። አፌን ከፍቼ ፊቷን ሳይ እዘጋዋለሁ። ብነግራት አልገባም ትላለች፣ ማሳው ጠፋ ማለት ነው፤ ባልነግራት ደግሞ እጇን ይዤ የማስገባት እኔ ነኝ። እንግዲህ እትዬ፣ ታላቄ ነሽ፤ «ተዪው፣ ማሳው ይቅር» በይኝና ዛሬውኑ ልተወው። እኔ ብቻዬን አልደፍርም። ስትደውዪ መነጽር ቤቱ ደውዪ፣ ቤት አይሁን።

ለጋሼ ሃክሱ አክብሮቴን፣ ለፓውላ ስሞሽታዬን አድርሺልኝ፤ አብራሽ ለምትሰፋው ለዶና ሴሊያም ሰላምታዬ ይድረሳት። ታይሶክ እጅ ይነሳል። እማማ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት ብላኛለች፦ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ላንቺ አስቀምጬዋለሁ፣ ማንም አይተኛበትም፣ ለሶላል ነይና አብረን እናድርበታለን።

እህትሽ ጉምሂ
ዴጆን፣ ኅዳር 13 ቀን